የድመትሽ ጥፍርና የእኔ መቁረጫ

እህቴ፣
ወደ ሱቄ ሄጃለሁ።

ድመትሽ አልጋሽ ሥር ናት። የፊት እግሯ ላይ ፋሻ ብታዪ አትደንግጪ፤ የእንስሳት ሐኪሟ በሁለት ቀን ይድናል ብላለች።

"ትንሿን፣ መቀስ የምትመስለውን የጥፍር መቁረጫ ግዛ" ብለሽኝ ነበር። እኔ ግን ሃያ ዓመት ጨርቅ የቆረጥኩ ልብስ ሰፊ ስለ መቀስ ምክር አልሰማም ብዬ የትልቅ ውሻ ጥፍር መቁረጫ ገዛሁ። ጥፍሯን ከነሥጋው ያዘው። እንደ ጅራፍ ራሴ ቆርጬ ራሴ ጮኽኩ።

ሐኪሟ መቁረጫዬን አገላብጣ አየችና፣ "የምታሳድጉት ድመት ነው አንበሳ?" አለችኝ።

ያልሽኝን ትንሿን ገዝቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጫለሁ። ነጩን ጫፍ ብቻ ቁረጪ፤ ሮዙ ጋ አትድረሺ።

ድመትሽን ይቅርታ ጠይቄያታለሁ፤ ጀርባዋን ሰጠችኝ።
አንቺም ጀርባሽን እንዳትሰጪኝ ፈርቼ ነው በወረቀት የጻፍኩልሽ።

ወንድምሽ