ለማስረጃ የገለበጥኳት ዓረፍተ ነገር

ጥቅምት 4
ገብስ ስለቅም ዋልኩ። ጉልበቴ ዛሬም አልታዘዘኝም። ከሰዓት መምህር ጸሐዩ የሰባተኛ ክፍል ደብተሮችን በማዳበሪያ ከረጢት ተሸክሞ መጣ። ከደብረ ታቦር የተመደበ የአማርኛ መምህር ነው፤ ገና ልጅ። የተማሪዎቹን ድርሰት ብሎግ በሚሉት ገጽ ላይ በስልኩ ያወጣል። «ዓለም ሁሉ ያነበዋል እትዬ ብርሃነሽ» ይለኛል። ዓለም ሥራ ፈት ነው እንዴ? ሳይታረም እንዳይወጣ ብሎ ለመነኝ። ከመምህርነት ጡረታ ከወጣሁ አሥራ አራት ዓመቴ... እሺ አልኩ። ቀይ እስክሪብቶውን ግን ራሱ እንዲገዛ አዘዝኩት።

ጥቅምት 9
ሠላሳ አንድ ደብተር። መግቢያ የለ፣ መደምደሚያ የለ። እኛ እኮ አራት መስመር ለመጻፍ ሦስት ጊዜ አርቅቀን በንጹሕ እንገለብጥ ነበር። ቀለም ካንጠባጠብን በጥፊ... ይሁን።

ጥቅምት 11
አንዷ ዓይናዲስ ደግሰው ትባላለች። በጦርነቱ ጊዜ ከጽጽቃ በኩል ተፈናቅለው መጥተው ሰቆጣ የቀሩ ናቸው። ቤታቸው ውስጥ የሚነገረው ኽምጣኛ ነው። ሲሸሹ አባቷ የንብ ቀፎ በአህያ ጭኖ፣ አፉን በእበት መርጎ፣ ሁለት ቀን በእግር እንዴት እንዳመጣው ጽፋለች። ሁለት ገጽ ሙሉ። በቀይ የምነካው አጣሁ። እሱ ራሱ አጠራጠረኝ። ከዚያ ይህችን አነበብኩ፦

«የቀፎውን አፍ ስንከፍተው ንቦቹ አንድ ጊዜ ዞሩን፤ ከዚያ ሄዱ፤ አባቴም፣ ከእኛ ቀድመው አገራቸው ገቡ፣ አለ።»

የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ? አማርኛን ትምህርት ቤት ገብታ የለመደች? ከስልክ የተገለበጠ ነው። ለማስረጃ እዚህ አስቀመጥኳት።

ጥቅምት 14
ትምህርት ቤት ሄድኩ። ጸሐዩ የዓይናዲስን ድርሰት ደብተሮቹን ሳያመጣልኝ በፊት በስልኩ ፎቶ አንስቶ፣ ሳይጠይቀኝ አውጥቶት ኖሯል። አርባ ሰው አንብቦታል ብሎ ይፍነከነካል።
«አውርደው» አልኩት።
«እትዬ፣ ልጅቷ እኮ ጎበዝ ናት።»
«ጎበዝና ሌባ ለይ!»
ተጠራች። ወረቀት ሰጥቼ «እፊቴ ስለ ንብ ጻፊ» አልኳት። ግማሽ ሰዓት ሙሉ አንድ ፊደል አልወጣትም። ከየት እንደገለበጠችው ጠየቅኳት። ልጆቹ በመስኮት ተደርድረው «የማር ሌባ! የማር ሌባ!» ይሏታል። ጸሐዩ ከስልኩ አጠፋው። ሁለቱን ገጾች ከደብተሯ ራሴ ቀደድኩ። ማታ እሳት ማያያዣ ሆኑ።

ጥቅምት 15
ትክክል ነው የሠራሁት።

ጥቅምት 20
አባቷ ደግሰው መጣ። ግባ ብለው እምቢ አለ፤ ደጃፍ ላይ ቆመ። ሊቆጣኝ ነው ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። ባርኔጣውን አወለቀ።
«እትዬ፣ ልጄ የንቡ ነገር ውሸት ነው ተባልኩ አለች። ከእኔ ነው የሰማችው። ጥፋቱ የእኔ ይሆን ብዬ ነው የመጣሁ።»
«ምን አልካት?»
«ቀፎውን ከፈትኩ። ዞሩን። ሄዱ። ከእኛ ቀድመው አገር ገቡ አልኩ። ልጆቹ እንዳያለቅሱ ነው እኮ። የት እንደገቡስ ማን ያውቃል?»
ቀፎው አሁንም ደጁ ላይ አለ፤ ዶሮ ትተኛበታለች። «ካላመኑ መጥተው ይዩት» አለኝ። በትሕትና። ማስረጃ ሊያሳየኝ... ለእኔ!
ሠላሳ ስድስት ዓመት አስተማርኩ። ስንት ደብተር ቀድጃለሁ?

ጥቅምት 21
ማርያም ናት። ቤተ ክርስቲያን ሳልሄድ ቀረሁ።

ጥቅምት 23
የሰደብኳት በሰው ፊት ነው፤ ስለዚህ ክፍል ውስጥ ገባሁ። «ዓይናዲስ አልገለበጠችም። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ» አልኩ። ከኋላ አንዱ ሳቀ። ይሳቅ። እሷ ብድግ አለች። «ምንም አይደል እትዬ።» ለትልቅ ሰው እንዲህ በይ ተብላ ያደገችውን ነው ያለችኝ።
መልሰሽ ጻፊው አልኳት።
«ረሳሁት።»
ጸሐዩን ዞሬ አየሁት። አንገቱን ደፋ። ከስልኩ ላይ ምንም አልቀረም። ይህን ማስታወሻ ከነጠላዬ ሥር አወጣሁ። በሕይወቴ ለሰው አሳይቼው አላውቅም። ገልጬ ያችን ዓረፍተ ነገር በጣቴ አሳየኋት። ቢያንስ ይህች አለች፣ ከዚህ ቀጥይ አልኳት። ቀስ ብላ አነበበቻት። ከዚያ ማስታወሻውን ዘግታ በሁለት እጇ መለሰችልኝ።
«እርስዎ የእኔ አይደለችም ብለዋል እኮ።»

ኅዳር 15
ጸሐዩ አዲስ ደብተሮች አመጣ። የዓይናዲስን አስቀድሜ ፈለግኩ። ርእሷ «የንጽሕና ጥቅም» ነው። መግቢያ፣ ሐተታ፣ መደምደሚያ... ሁሉም በየቦታቸው። ጽሕፈቷ ያምራል። አባት የለ፣ አህያ የለ፣ ንብ የለ። «ይህ ለብሎጉ ይሆናል?» አለኝ ጸሐዩ። ፊቱን አላየሁትም።
የቀዩን እስክሪብቶ ክዳን ከፍቼ ሁለት ጊዜ አነበብኩ። የሚታረም የለውም። እኔ በእሷ ዕድሜ የጻፍኩት ይመስላል።