ጨርቅ የጎረሰው ግድግዳ

ጥቅምት 4
ሁለት ቀሚስ ጨረስኩ። ሦስተኛው እጅጌው ቀረው። ጎረቤቴ ጋጋሪው ዛሬም ግድግዳውን መታ። ሦስት ጊዜ። የስፌት መኪናዬን አቆምኩ... ትንሽ ቆየሁና ቀጠልኩ። ምን ላድርግ? እሱ ሌሊቱን ዳቦ ሲጋግር ያድርና ቀን ይተኛል። እኔ ቀን እሰፋለሁ። በመካከላችን ያለው ችፑድ ብቻ ነው። ሲያዛጋ እንኳን ይሰማኛል።

ጥቅምት 6
አከራያችን እማማ መጡ። ተቀመጡ ብላቸው እምቢ አሉ።
"ልጁ በእንቅልፍ እጦት ሊጡ ላይ ሊወድቅ ነው። እስከ ወሩ መጨረሻ አንድ መላ ፈልጊ። አለዚያ ከሁለት አንዳችሁ ትለቃላችሁ።"
"ከሁለት አንዳችን ማለት እኔ ነኝ?"
"እሱስ ዳቦ ያመጣልኛል። አንቺ ምን ታመጫለሽ?"
ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ቀልድ ይሁን የምር አልገባኝም።
እዚህ ክፍል አሥራ አንድ ዓመቴ። ደንበኞቼ ስሜን አያውቁም፣ "ባለ አረንጓዴ በሯ" ነው የሚሉኝ። ሌላ ሰፈር ብሄድ ማን ያገኘኛል? በር ተሸክሞ አይኬድ።

ጥቅምት 7
የሰፈሩ አናጢ ግድግዳውን አየልኝ። በጣቱ አንኳኳና፣ "ይሄ ግድግዳ አይደለም፣ ከበሮ ነው" አለ። ውስጡ ባዶ። አፍርሶ ለመሥራት የጠራው ዋጋ መኪናዬን ከነጠረጴዛዋ ይገዛል። አመሰገንኩትና ትርፍራፊ ችፑድ ካለው እንዲሰጠኝ ለመንኩት። ሰጠኝ።

ጥቅምት 8
የወረቀት ሣጥኔን ገለበጥኩ። ፊደል የለየሁት በስኳር መጠቅለያ ነው፤ እስከ ዛሬም የተጻፈበት ወረቀት አልጥልም። ስለ ግድግዳ ያነበብኩት ነገር እንደነበር ትዝ ይለኛል... አገኘሁት። ግማሽ ገጽ፣ የቅባት ነጠብጣብ ያለበት።
"በግድግዳው ውስጥ ያለውን ባዶ ቦታ በለስላሳ ነገር ይሙሉ። በላዩ ሌላ ሰሌዳ ደርበው ያክብዱት። የሚንቀጠቀጥ ዕቃ ካለ ከግድግዳው ያርቁ፣ ከሥሩ ጎማ ያድርጉ። ከሁሉ በፊት ግን"
እዚህ ላይ ተቀዷል።
ከሁሉ በፊት ምን? ጸሎት? እንጃ። ያለኝን ይዤ ልጀምር።

ጥቅምት 11
በእኔ በኩል ያለውን ችፑድ ነቀልኩ። "አንድ ቀን ይጠቅማል" እያልኩ ያጠራቀምኩት ቁርጥራጭ ጨርቅ ስድስት ማዳበሪያ ሙሉ ነበር። የተማሪ ዩኒፎርም፣ የመጋረጃ ጫፍ፣ የሱሪ እግር። ግድግዳው ጎረሰ፣ ጎረሰ፣ አልጠግብ አለ። የባለቤቴ ካፖርትም ገባ። እሱ ከሞተ ስድስት ዓመቱ፤ ከዚያ ወዲህ የለበሰው ብል ነው።

ጥቅምት 14
ችፑዱን መለስኩ። በላዩ የአናጢውን ትርፍራፊ ደረብኩ። መኪናዬን ወደ መስኮቱ አዛወርኳት፣ እግሮቿ ሥር የአሮጌ ጎማ ቁራጭ። ወገቤ ተቆርጧል።

ጥቅምት 16
ሙከራ። ሬዲዮዬን ክፍሌ ውስጥ ከፍቼ ትቼ ወደ ጋጋሪው ክፍል ሄድኩ። ሊተኛ ሲል ነው የደረስኩት፣ ቅንድቡ ላይ ዱቄት አለ። ሁለታችንም ቆመን አዳመጥን።
"እትዬ፣ ዜናው እኔ ጋ ሳይጠራ አይቀርም" አለኝ።
ተመልሼ ሬዲዮውን አጥፍቼ ተቀመጥኩ። ያን ሁሉ ጨርቅ...

ጥቅምት 17
መታ። ሦስት ጊዜ።

ጥቅምት 20
አመሻሽ ላይ የሽንኩርት ጥብስ ሸተተኝ። ጋጋሪው ነው። ግን ሽታው ከግድግዳው በኩል አልመጣም። ከላይ ነው። ሽታ ካለፈ ድምፅ ምን ያቆመዋል?
ጠረጴዛው ላይ ወጥቼ የኮርኒሱን አንድ ሰሌዳ ገፋሁ። ጨለማ፣ አቧራ፣ ከወዲያ የእሱ አምፖል ብርሃን። ግድግዳው ኮርኒሱ ጋ ሲደርስ ያልቃል። ከዚያ በላይ ሁለቱ ክፍሎች አንድ ቤት ናቸው።
"ከሁሉ በፊት ግን" የሚለው ይሄ ነበር። መጀመሪያ ክፍተቱን ድፈኑ። እኔ ጣሪያ የሌለው ቤት በር ስቆልፍ ከረምኩ።

ጥቅምት 24
ሦስት ቀን ላይ ታች። ከኮርኒሱ በላይ እስከ ቆርቆሮው ችፑድ መታሁበት። ቁርጥራጩ ስላለቀ የትርፉን ፍራሽ ሆድ ቀደድኩ። በሶኬቱ ዙሪያና በወለሉ ጠርዝ ያለውን ስንጥቅ በጀሶ መረግኩ።
ዘንድሮ ማርጀቴን ያወቅሁት ኮርኒስ ውስጥ ነው።

ጥቅምት 26
ቀኑን ሙሉ ሰፋሁ። አልመታም። የለም ይሆን? ጫማው ደጃፉ ላይ ነው... አለ።
ምሽት አንድ ሰዓት ላይ በሬ ተደበደበ። ጋጋሪው። ጸጉሩ ቆሟል፣ ሸሚዙን ገልብጦ ለብሷል።
"እትዬ፣ ዛሬ አልሰፉም እንዴ?"
"ስሰፋ ነው የዋልኩት።"
"ጉድ ሠሩኝ! እኔ የምነሳው እኮ መኪናዎ ዝም ሲል ነው። ሁልጊዜ አሥራ አንድ ተኩል። ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ ዝም! ሥራዬ ረፈደብኝ።"
"የስልክ ደወል የለህም?"
"ደወሉን አጠፋዋለሁ። እርስዎን በምን ላጥፋ?"
"ሳበቃ ግድግዳውን ልምታልህ?"
"አይሰማኝማ!"
ሁለታችንም ግድግዳውን አየነው። ሳቁ ቀድሞ ያመለጠው እሱን ነው። እየሮጠ ሄደ።

ጥቅምት 30
እማማ መጡ። እኔ እየሰፋሁ እሳቸው ጋጋሪው ክፍል ገብተው አዳመጡ። ተመልሰው በሩ ላይ ቆሙ።
"ትሰፊ ነበር ወይስ ተኝተሽ ነው?"
"ስሰፋ ነበር።"
"እንግዲያው እዚሁ ቆዪ።" ትንሽ ሄደው ዞሩ። "ጣሪያዬን ክፈቺ ያለሽ ማነው?"
"ማንም።"
"እንግዲያው እኔም አላየሁም" አሉና ሄዱ።

ኅዳር 3
አሥራ አንድ ተኩል። መኪናዬን አቆምኩ፣ ወጥቼ የጋጋሪውን በር መታሁ። ሦስት ጊዜ።
"ተነሳሁ እትዬ!"
ስመለስ ደጃፌ ላይ ዳቦ አገኘሁ፣ በጋዜጣ የተጠቀለለ። ስወጣ አላስተዋልኩትም፤ ጠዋት ከሥራ ሲመለስ ትቶት ይሆናል። ወረቀቱን ዘረጋሁት። ሙሉ ገጽ ነው። አልተቀደደም።