ከአሻንጉሊት ቲያትር ስንመለስ

ውድ የሚጡ እናት፣

አንቺና እኔ ተያይተን አናውቅም። እኔ ወደዚህ ቤት በትዳር የገባሁት አንቺ ካረፍሽ ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። ቢሆንም በአንቺ ድስት አበስላለሁ፤ አንቺ በመረጥሽው መጋረጃ ፀሐይ እከልላለሁ፤ የወለድሻትን ልጅ ፀጉር አበጥራለሁ። ስለዚህ አንድ ነገር ልነግርሽ ይገባል ብዬ ነው ብዕር ያነሣሁት።

ልጅሽ ዘጠኝ ዓመት ሞልቷታል። መጀመሪያ ስገባ «እርስዎ» ነበር የምትለኝ። «እርስዎ ምሳ በልተዋል?» ትለኛለች፣ ልክ የመጣ እንግዳ እንደምታስተናግድ። አባቷ «ኧረ ተይ፣ አንቺ በያት፤ ቤተሰብ እኮ ናት» ሲላት «እሺ» ትላለች፤ በማግስቱ ያው ናት። አክብሮት እንዳይመስልሽ። እዚያው ቁሚ ማለቷ ነበር።

አባቷ አሁንም የከተማ አውቶቡስ ይነዳል፤ ቅዳሜ ሙሉ ቀን ሥራ ላይ ነው። እኔ የምሰፋበት ሱቅ ደግሞ ቅዳሜ ይዘጋል። ሁለታችን ቤት ውስጥ ተፋጠን መዋል ሆነ። አንድ ቀን ምርር ቢለኝ ለባልደረባዬ፣ ጨርቅ ለምትቆርጠዋ፣ ነገርኳት።

«ታዲያ ይዘሻት ውጪያ!» አለችኝ መቀሱን ሳታስቀምጥ። «ይሄ ሁሉ ሙዚየም፣ ይሄ ሁሉ ቲያትር ቤት ለማን የተሠራ መሰለሽ?»

ሙዚየም ሄድን። ልጅሽ እጇን ወደኋላ አጣምራ ያንን ሁሉ የሸክላ ዕቃ እንደ ተቆጣጣሪ አለፈችው። «እንዴት ነው?» ስላት «ጥሩ ነው። እርስዎ ከደከመዎት እንሂድ» አለችኝ። ሳቄን እንደ ምንም ዋጥኩት። በሚቀጥለው ቅዳሜ ልጆች ሥዕል የሚሞክሩበት ጋለሪ ወሰድኳት። ሰማያዊ ቀለም ሸሚዟ ላይ ደፋችና ዓይኗ እንባ አቀረረ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ» ስትለኝ አንጀቴን በላችው። «ልብስ ሰፊ እኮ ነኝ» አልኳት፤ ቤት እንደገባን ቀለሙ ላይ ኪስ ሰፋሁበት። ሸሚዙን ሦስት ቀን አላወለቀችም።

ከዚያ የአሻንጉሊት ቲያትር ሄድን። አንድ ሆዳም ዳኛ ወንበሩ ላይ ልውጣ ሲል ይወድቃል፤ ይነሣል፤ ደግሞ ይወድቃል። እኔ የካባውን ስፌት ሳይ ልጅሽ ከት ብላ ሳቀች። እንደዚያ ስትስቅ ሰምቻት አላውቅም። ጭንቅላቷ ትከሻዬ ላይ ወደቀ። ወዲያው ሲሠርቅ እንደተያዘ ሰው አፏን በእጇ ከደነችና ፈቀቅ አለች። እስከ መጨረሻው ድረስ አንዴም አልሳቀችም።

ስንመለስ አውቶቡሱ ውስጥ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ተቀመጠች። ልንወርድ ሁለት ፌርማታ ሲቀረን፣ ሳትዞር፣ «የእማዬን ፎቶ የት አደረግሽው?» አለችኝ።

አየሽ፣ ልናዘዝልሽ የፈለግሁት ይህንን ነው። ፎቶሽ አሁን የስፌት መኪናዬ ካለበት በላይ ተሰቅሎ ነበር። በገባሁ በሁለተኛው ሳምንት ላጽዳው ብዬ አወረድኩትና በቁራጭ ጨርቅ ጠቅልዬ ሣጥኔ ውስጥ ቀበርኩት። ቢጠይቁኝ «መስታወቱ ተሰነጠቀ» ልል ተዘጋጅቼ ነበር። ማንም አልጠየቀኝም። ቀን ተቀን ዓይንሽ ሥር ተቀምጦ መስፋት አቅቶኝ ነው።

«ሣጥኔ ውስጥ ነው» አልኳት።

«ለምን?»

«ፈርቻት።»

«እማዬን?» ዞር ብላ አየችኝ። «እማዬን ማን ይፈራታል? እዚያው ቲያትር ቤት ወስዳኝ እንቅልፍ ጣላትና እንዴት እንዳንኮራፋች! ሰዉ መድረኩን ትቶ እሷን ነበር የሚያየው።»

ፈገግ ልትል ጀምራ ተወችው። «ዛሬ ስስቅ ግን ረሳኋት። ፎቶዋም የለም። ጭራሽ ከረሳኋትስ በምን አስታውሳታለሁ?»

ያጠፋሁት ጥፋት ልኩ ያን ጊዜ ገባኝ። «ጥፋቱ የኔ ነው። አሁኑኑ እንሰቅለዋለን» ብቻ አልኳት። ፌርማታችንን አልፈነው ኖሮ፣ ያንን ሁሉ መንገድ በእግራችን ተመለስን። በመሃል «አንቺ» ማለቷ ትዝ አለኝ። ተናድዳ ያመለጣት ነው፤ ይሁን፣ ደስ አለኝ።

ቤት ስንደርስ እኔ ወንበር ላይ ወጥቼ ምስማር መታሁ፤ እሷ ከታች ሆና «ወደ ግራ! አይ፣ አበዛሽው!» እያለች አዘዘችኝ። አባቷ ሲገባ ግድግዳውን አይቶ ባለበት ቀረ። ከዚያ እጁን ሊታጠብ ገባ፤ ውሃው ለረጅም ጊዜ ሲወርድ ሰማሁ።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ አልፎን አያውቅም። መንገድ ላይ ስላንቺ ታወራልኛለች፦ ፉጨት እንደማትችዪ፣ ዝናብ ሲዘንብ ሆን ብለሽ እንደምትወጪ። አንዳንዴ ቅር ይለኛል፤ አልዋሽሽም። ግን እሰማታለሁ።

ያለፈው ቅዳሜ የልጆች መዘምራን የሚዘምሩበት አዳራሽ ሄድን። በር ላይ ትኬት የምትቀደው ሴትዮ ፈገግ ብላ «እናትና ልጅ ናችሁ?» አለችን። ምን ልበል ብዬ አፌን ስከፍት ልጅሽ ቀደመችኝ።

«እናቴ ሌላ ናት» አለች ጥርት አድርጋ። ከዚያ እጄን ያዘችና «እሷ ደግሞ የኔ ናት» ብላ ጎትታ አስገባችኝ።

ፎቶሽን ስለደበቅሁት ይቅር በይኝ። ልጅሽን አደራ አላልሽኝም፤ እኔ ግን ተቀብያለሁ።

አክባሪሽ፣
ልብስ ሰፊዋ