«እጅግ በጣም ጥሩ» ስለተባለው የኋላ ፍሬኔ

ለተከበሩ የተሽከርካሪ ብቃት ምርመራ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደ ማኅተምዎ የማይለቅ፣ እርስዎም ከነቤተሰብዎ በሰላም ወጥተው በሰላም የሚገቡ እንዲሆኑ ከልብ እመኛለሁ። እኔ የሦስት ልጆች እናት የሆንኩ ልብስ ሰፊ ነኝ። መራመድ የተሳናቸውን አማቴን ወደ ሕክምና፣ ልጆቼን ወደ ትምህርት ቤት የማመላልስባት አንዲት ያረጀች ቫን አለችኝ፤ በእሷ ምክንያት መሥሪያ ቤትዎ የዋለልኝን ውለታ በአደባባይ ልዘረዝር ወድጃለሁ።

1. ባለፈው ወር ለዓመታዊ ምርመራ በቀረብኩ ጊዜ፣ «ፍሬን ስይዝ ከኋላ ይፍቃል» ብዬ ብናገር፣ መርማሪዎ ከወንበሩ ሳይነሣ «አሮጌ መኪና ሳታጉረመርም አትውልም» ብሎ አጽናንቶኝ፣ በወረቀቴ ላይ «የኋላ ፍሬን፦ እጅግ በጣም ጥሩ» ሲል ስለጻፈልኝ አመሰግናለሁ። ጎማ ሳይፈታ፣ ከጎማው ጋር የሚዞረው ታምቡር ሳይከፈት፣ ውስጥ ሆኖ እየታከከ የሚያቆመውን የፍሬን ሸራ የሚያይ ዓይን ለሁሉ አልተሰጠም።

2. በአምስተኛው ቀን አማቴንና ልጆቼን አሳፍሬ ከትምህርት ቤቱ በላይ ያለውን ቁልቁለት ስወርድ ፔዳሉን ብረግጠው እስከ ወለሉ ሰመጠ። የእጅ ፍሬኑን ብስብ እሱም የሚይዘው እነዚያኑ የኋላ ሸራዎች ኖሮ፣ ቫኗ የሰማችኝም አልመሰለችም። ከፊቴ መንገድ የሚሻገሩ ተማሪዎች ነበሩ። መሪውን ጠምዝዤ ለግንባታ የተከመረ አሸዋ ውስጥ ሰካኋት። ጆሯቸው የደከመው አማቴ ከኋላ ሆነው «ደረስን እንዴ ልጄ?» አሉኝ። ትንሿ ልጄ ግን ቀሚሴን የጨበጠችበትን እጅ ቤት እስክንገባ አልለቀቀችም። ይህንንም በምስጋናዬ ላይ ይደምሩልኝ።

3. ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላልና፣ ከዚያ ወዲያ ወረቀትዎን ትቼ ዕድሜያቸውን በአውቶቡስ ጥገና የፈጁትን አጎቴን ጠራሁ። ሰፈሩ «ጋሽ ቀስ በል» ይላቸዋል። እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ እሳቸው ተናገሩ፣ እኔ ሠራሁ። የፊት ጎማዎቹን በድንጋይ አስደግፌ፣ የኋላዋን በክሪክ አንሥቼ ጠንካራ መቆሚያ ካስገባሁባት በኋላ፣ ታምቡሩን በእንጨት መዶሻ እያባበልኩ አወጣሁት። ሸራው አልቆ ብረት ብረትን ሲበላ ከርሟል፤ በሌላው ጎማ በኩል ደግሞ የፍሬን ዘይት ፈስሶ ሸራውን አርሶታል። አቧራውን እፍ ልል ስል አጎቴ «ተይ! ሳንባሽ መለዋወጫ የለውም» ብለው እርጥብ ጨርቅ አቀበሉኝ። ሞላዎቹ የት የት እንደሚያያዙ እንዳይጠፋኝም፣ አንዱን ጎን ስፈታ ሌላውን ሳልነካ ለመመልከቻ አስተዉኝ። ሸራዎቹን በሁለቱም ጎን ቀየርኩ፣ የሚያፈሰውን ክፍል ለወጥኩ፣ ታምቡሮቹን ብረት በሚላግበት ቶርኖ ቤት አስለሰለስኩ፣ ከፍሬኑ መስመር አየር አስወጣሁ። በባዶ ሜዳ ላይ በእግረኛ ፍጥነት እየነዳሁ ደጋግሜ ፈተንኳት፤ ባልኳት ቦታ ቆመች። ክቡር ሆይ፣ በዚህ ዕድሜ ማልቀስ አያምርም እንጂ፣ ያን ቀን መሪው ላይ ተደፍቼ አልቅሻለሁ።

4. ይህንኑ በቅንነት ላሳውቅ ብመጣ፣ ፍሬኑ በመዝገብዎ «እጅግ በጣም ጥሩ» ስለሆነ መቀየሩ «ያለፈቃድ የተደረገ ለውጥ» ነው ተብሎ ቫኗ ታገደች። እገዳው እንዲነሣልኝም «ፍሬኑ ከመጀመሪያውም ደህና ነበር» የሚል ቃል እንድፈርም ተዘጋጅቶ ቀረበልኝ። ስለ መልካም አጻጻፉ እያመሰገንኩ፣ እንደማልፈርም አስታውቃለሁ። ዛሬም አልፈርም፣ ነገም አልፈርም። አማቴን በጋሪ ወንበራቸው እየገፋሁ ሐኪም ቤት አደርሳለሁ፤ እንዲያ ያለ ውሸት ላይ ግን ስሜን አላኖርም።

እገዳዎ ያልታሰበ ፍሬ ማፍራቱንም ልንገርዎ። ወሬው ተዛምቶ ጎረቤቶቼ ቅዳሜ ቅዳሜ መኪኖቻቸውን ይዘው ወደ ግቢያችን ይመጣሉ፤ አጎቴ እያዘዙ ታምቡር እንከፍታለን። እስካሁን ከከፈትናቸው አሥራ አንድ መኪኖች የሰባቱ ሸራ ያለቀ ነበር፤ የአሥራ አንዱም ወረቀት «እጅግ በጣም ጥሩ» ይላል። ሰኞ ጠዋት ሁላችንም ያለቁትን ሸራዎች ይዘን በመስኮትዎ ፊት እንሰለፋለን። የምንለምንዎት አንድ ነገር ነው፦ መርማሪዎ ይነሣ፣ ጎማ ይፈታ፣ ይታይ። እስኪታይም ከዚያ አንነቃነቅም።

ወረቀትን ከብረት አብልጦ ለሚያምነው መሥሪያ ቤትዎ የሚገባውን አክብሮት ሁሉ ሳላጓድል፣
ከታገደችው ቫን አጠገብ ቆሜ፣ እጄ ዘይት እንደነካው የምሰናበትዎ፣
ልብስ ሰፊዋ

ማስታወሻ፦ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና ምናልባት አልሰሙ ይሆናል፤ ከሰባቱ አንዷ እርስዎ የሚሄዱባት የመሥሪያ ቤቱ መኪና ናት። ሾፌርዎ «ይጻፉት እትዬ፣ እኔም ልጆች አሉኝ» ስላለኝ ጻፍኩት። ሸራዋን ቀይረንልዎታል። እንግዲህ በራስዎ ደንብ መሠረት እሷም ያለፈቃድ የተለወጠች ናትና ዛሬውኑ ያግዷት፤ ሰኞ በእግርዎ ሲመጡ ከሰልፉ መጨረሻ ቦታ እንይዝልዎታለን።