ሲመችዎት ይሂዱ

ሰኞ
ጋሽ ሸምሱ አልሄዱም። ሦስት ወር ሙሉ! በእድሩ አዳራሽ የዓይን ምርመራ ስናደርግ የዓይናቸው ግፊት ከፍ ብሎ ተገኘ። የሆስፒታል ሪፈሩን ሰጥቼ ያስረዳኋቸው እኔ ነኝ፣ ነርሷ። ዛሬ ሆስፒታሉ ከቀጠሮ የቀሩትን ሰዎች ስም ወደ ጤና ጣቢያችን ላከ፤ እሳቸውም አሉበት። ስደውል ሳቁብኝ። «አንቺው አይደለሽ እንዴ ሲስተር፣ ለክፉ አይሰጥም፣ ሲመችዎት ይሂዱ ያልሽኝ?»

ብያለሁ። አፌን በቆረጠው! ያኔ የልጃቸው ኒካህ ሳምንት ቀርቶት ነበር። ፊታቸው በርቶ ለእኔም የጥሪ ካርድ ሰጡኝ። ለእንደዚህ ያለ ሰው «ካልታከሙ ይታወራሉ» ይባላል? መርዶ ነጋሪ መሆን ፈራሁ፣ በቃ።

ማክሰኞ
በምሳ ሰዓት ከካዛንቺስ ቄራ ወረድኩ። ጋሽ ሸምሱ ልብስ ሰፊ ናቸው፤ በረንዳ ላይ የስፌት መኪናቸው ላይ አቀርቅረዋል። በግራ በኩል አጠገባቸው ቆምኩ። አላዩኝም። ሰላም ስላቸው ደንግጠው ዘለሉ።

«አያመኝም እኮ፣ ሲያመኝ እሄዳለሁ» አሉ። ይሄ በሽታ መች ያማል? ልነግራቸው ስል እትዬ ዘይነባ፣ ባለቤታቸው፣ ሻይ ይዘው መጡ። አሁንም ዋጥኩት። ነገ ሁለት ሰዓት ሜክሲኮ ተገናኝተን አብረን እንሂድ ብቻ አልኩ። ፈሪ ነኝ።

ረቡዕ
ሦስት ሰዓት ሆነ፣ የሉም። ደወልኩ። «የሙሽራ ሱፍ አስቸኳይ መጥቶብኝ ነው፣ ለዓርብ ይሁንልኝ።» ታክሲ ሰልፍ መሀል ቆሜ ጮህኩ። «ጋሽ ሸምሱ፣ ይታወራሉ! ግራው እየሄደ ነው፣ ቀኙም ይከተላል!» ሰልፈኛው ሁሉ ዞሮ አየኝ። «መጣሁ» አሉ።

ሐኪሙ መረመራቸው። የግራው አብዛኛው ጠፍቷል፤ የጠፋው አይመለስም። ቀኙን ጠብታ በየቀኑ ካደረጉ ማቆየት ይቻላል። «ያኔ ብመጣስ ኖሮ?» አሉ ጋሽ ሸምሱ። ሐኪሙ ወረቀቱን ገለጥ ገለጥ አደረገና «ከአሁኑ የተሻለ ይተርፍ ነበር» አላቸው።

ስንወጣ መሬት መሬት ሳይ፣ «ተይ ልጄ፣ አንዱ አለ አይደል? አይዞሽ» አሉኝ። እኔን ያጽናናሉ! ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ሐሙስ
ያንን የስም ዝርዝር አውጥቼ ስደውል ዋልኩ። ማለሳለስ የለም። አንዱ ሰውዬ «አታሟርቺ!» ብሎ ዘጋብኝ። ቀጥሎ ባምቢስ አካባቢ የሚኖሩ አንዲት እናት ጋ ደወልኩ። «እማማ፣ አሁን ካልታከሙ ዓይንዎ ይጠፋል። ቶሎ ከሄዱ ግን የቀረው ይተርፋል» አልኳቸው። «እሺ፣ እግዜር ይስጥሽ። ነገ ስንት ሰዓት ልምጣ?» አሉኝ።

ሁለት ደቂቃ እንኳ አልፈጀም። ስልኩን አስቀምጬ አለቀስኩ።