የጌቱ ግራፊክስ ካርድ

ዘመሮ፣ ጥቅምት 20

አምና የኔ ኮምፒዩተር ስክሪን ሲጠቁር፣ ጌቱ የሰርግ ቪዲዮ ደንበኞቼን «የሱ እጅ በረከት የለውም» እያለ ወደ ራሱ ሱቅ ወሰዳቸው።

ዛሬ ጠዋት ለኮምፒዩተሩ ምስል የሚያወጣለትን ግራፊክስ ካርድ ገዝቶ፣ አገጣጠሙን ሊጠይቀኝ መጣ። የድሮውን ድራይቨር፣ ካርዱን የሚያሠራውን ፕሮግራም፣ አስቀድሞ እንዲያጠፋ ነገርኩት። አዲሱን እስኪጭን ድረስ ኢንተርኔቱን መዝጋት እንዳለበት ግን ዋጥ አደረግኳት፤ ካልዘጋው ዊንዶውሱ የማይስማማ ድራይቨር ከኢንተርኔት ጎትቶ ይጭንበታል። መርቆኝ ሄደ።

አመሻሽ ላይ ደወለ።

«ስክሪኑ ጠቆረብኝ፣ ምን ላድርግ?»

«እጅህ በረከት የለው ይሆናል» አልኩት።

ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ይዤልህ ልምጣ?» አለኝ።

«የገበያ ለት አምጣው።»

ጠረጴዛውን ደጅ አውጥቼ፣ ሰው ሁሉ እያየ አስተካክልለታለሁ። በረከት የሌለው እጄን ያኔ ይዩት።