ውሻችን ስድብሽን ናፍቆ ኖሯል

እህቴ፣ ሻንጣሽን ልትወስጂ ስትመጪ ይህን ሳታነቢ እንዳትነኪው።
በላ! ውሻችን በላ!

«አትጩኺበት» ስልሽ ተቀይመሽኝ ከወጣሽ ጀምሮ እህል አልቀመሰም ነበር። የእንስሳት ሐኪሙ መርምሮት «ጤነኛ ነው፤ ሰው ናፍቆ ይሆናል» አለኝ። ውሻችንን እንዲበላ በትሕትና ብለምነው ፊቱን አዞረብኝ። ዛሬ ጠዋት ጨንቆኝ በሩን ዘጋሁና ልክ እንዳንቺ ጮህኩበት፦ «ብላ አንተ ሞላጫ! ደግሞ ላጉርስህ እንዴ?»
ሳህኑን ልሶ አጸዳው! በጅራቱ ብርጭቆ ሰበረ፤ እኔም አብሬው ዘለልኩ።

ጩኸት የውሻን ሥነ ልቦና ይጎዳል ብዬ ያስረዳሁሽ ሁሉ...
ይህን ውሻ አይመለከትም።

አሁን ወደ ፈተና እየሮጥኩ ነው። ድስቱ ውስጥ የተቀቀለ ዶሮና ሩዝ አለ፤ አጥንቱን ለቅሜ አውጥቻለሁ፤ ጨውም ሽንኩርትም የለበትም። ሆዱ ባዶ ስለከረመ በአንድ ጊዜ አታብዢበት፤ ከፋፍለሽ ስጪው። ውሃውንም ቀይሪለት።

ሻንጣሽ ላይ ተኝቷል፤ ባትቀሰቅሺው ደስ ይለኛል።

እራቱን ሲበላ የሚጮህበት ሰው ያስፈልገዋል። የእኔ ድምፅ በጠዋቱ ጩኸት ተዘግቷል፤ ነገም የሚከፈት አይመስለኝም።